ከቸርኬው ድምፅ በኋላ

በ1979 ዓ.ም. ክረምት ደምመላሽ ፔጆውን ሸዋ በር ላይ አቁሞ ተሳፋሪ እስኪሞላለት የሚጠብቀው አባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከሱሩር የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ደምመላሽ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ይወርዳል ይወጣል። ሱሩር የደሴ ልጅ ነው፤ ልብስ ይሰፋል፣ እየሰፋም ያወራል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያነሱት ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ በየካቲት የተደረገው የቅርጫት ኳስ ዋንጫ የመጨረሻዋ ኳስ።

“አየር ላይ ነበረች” ይላል ደምመላሽ። “የማብቂያው ቸርኬ ሲመታ ኳሷ እንደ ጨረቃ አየር ላይ!”

“አንተ የተቀመጥከው ከሜዳው ማዶ፣ ግንቡ ላይ። ያን ሁሉ ጩኸት ሰንጥቆ ድምፁ አንተ ዘንድ እስኪደርስ ኳሷ ገብታ፣ ወጥታ፣ ቤቷ ሄዳለች።”

“ጆሮዬን ተወው፤ ዓይን አለኝ።”

“ዓይንህንማ እናውቀዋለን። ባለፈው ሐረጎ ላይ የቆመ በሬ አላየህም።”

“በሬው ነው የገጨኝ!”

ሱሩር እስኪያነባ ይስቃል። ደምመላሽ ሳቁን ችሎ ወደ ሱቁ ውስጥ አንገቱን ያሰግጋል። “አያ ሐሚድ፣ እርስዎ ይንገሩት። ገብታ የለም እንዴ?”

አባቴ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳይል ይመልሳል። “መግባቷን አልካድኩም። ዘግይታ ነው ከእጅ የወጣችው።”

አባቴ አብዱልሐሚድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር፤ መጫወት ሲያቆም ዳኛ ሆነ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጨርቅ ይለካል፣ እሑድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ለዕረፍት ስመጣ ከባንኮው ጀርባ ተቀምጬ እረዳዋለሁ። ብዙ አልናገርም። ሱሩር “ሐምዲያ ዛሬም ጾም ላይ ናት” እያለ ይቀልድብኛል፤ የንግግር ጾም ማለቱ ነው።

የዋንጫው ጨዋታ በሁለት ከተሞች መካከል ነበር። የደሴው ቡድን ጦሳ ይባላል፣ የኮምቦልቻው ቦርከና። ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፣ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፤ ከዚያም አዲስ አበባ ሄዶ ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች ጋር ይጫወታል። የመጀመሪያውን ቦርከና በሜዳው አሸነፈ፣ ሁለተኛውን ጦሳ። ሦስተኛው በዕጣ ለደሴ ደረሰ፤ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በሲሚንቶው ሜዳ ላይ። እኔም ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት መጥቼ አየሁት።

ያ ሦስተኛው ጨዋታ ለተጫዋቾቹ ከዋንጫም በላይ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው የሚካሄድበት ዘመን ነው። ሻምፒዮን የሆነውን ቡድን ልጆች መሥሪያ ቤታቸው ለውትድርና አይሰጥም፣ ለአዲስ አበባው ውድድር ይፈለጋሉና ይቀራሉ ተብሎ ይወራል። ወሬው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ የጻፈውም የማለበትም ባለሥልጣን አልነበረም። ግን ሁሉም አምኖታል፤ እናቶች ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ሜዳው ላይ የሚጮህ ሰዓት ስላልነበረ የአንድ ጭነት መኪና ቸርኬ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሰዓት የሚይዘው ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ፣ ጊዜው ሲያልቅ ቸርኬውን በብረት ይመታል። ቸርኬው ከተመታ በኋላ ከእጅ የወጣ ኳስ አይቆጠርም፤ ቀድሞ ከወጣ ግን አየር ላይ ሳለ ቢመታም ይቆጠራል።

ጦሳ በአንድ ነጥብ ይመራል። ኳሷ ጀላል እጅ ገባች። ጀላል የቦርከና ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የሚሠራው በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ነው፤ መዝገብ ላይ ጆንያ ጫኝ ቢባልም ፋብሪካው የቀጠረው ኳስ ለሚያውቁ እጆቹ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጀላል አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ኳሷን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገ። ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ሲያይ እኔ እጆቹን አይ ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ቸርኬው ጮኸ። ኳሷ አሁንም በሁለት እጁ መካከል ነበረች። ከዚያ ጣቶቹ ተፈቱ፣ ኳሷ ሄደች፣ ቅርጫቱን ምንም ሳትነካ ገባች። ኮምቦልቻዎች ከግንቡ ዘለው ሜዳውን ሞሉት። አባቴ በሕዝቡ መካከል ቆሞ ፊሽካውን ነፋ፤ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ፈታ። አይቆጠርም።

ጀላል ወደ አባቴ ሮጦ ሄዶ ፊቱ ላይ የጮኸበትን መድገም አልፈልግም። ልጅ በአባቱ ዕድሜ ላለ ሰው የማይለው ነበር።

ክርክሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላቆመም። ጋሽ ወልደ ሚካኤልን ጠየቁት። “እኔ መታሁ፤ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር፣ ኳሷን ፈጣሪዋ ይወቃት” ብሎ ተገላገለ። ስለዚህ ነገሩ አባቴ ላይ ብቻ ቀረ።

“አያ ሐሚድ” አለ አንድ ቀን ሱሩር፣ የደምመላሽ ነገር ሲያሰለቸው፣ “እስቲ አንድ ጊዜ ወላሂ ይበሉና የዚህን ቆለኛ አፍ ልዝጋው።”

“ለኳስ ብዬ የጌታዬን ስም አላነሳም።”

“ለኳስ ባይሆን ለእኔ ሲሉ! እየሰፋሁ ነው የሚጨቀጭቀኝ፤ ትናንት የሰው ሱሪ እግሩን ከእጅጌ ጋር ልገጥመው ነበር።”

“አልምልም፣ ሱሩር።”

ደምመላሽ ጉልበቱን መታ። “አያችሁ? እርግጠኛ የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል?”

አባቴ ጨርቁን መለካት ቀጠለ። ደምመላሽ የማያውቀው እኛ ቤት የኖረውን ነገር ነው። የአባቴ አያት ከየመን ጨርቅ ተሸክመው መጥተው ደሴ የቀሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው የወረስነው አንዱ ነገር አለመማል ነው። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ በአንድ የጨርቅ እሥር ተካስሰው ዳኛ ፊት ቀርበው “የእኔ ነው ብለህ ማልና ውሰድ” ሲባሉ፣ የራሳቸውን እሥር ጥለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። “በሐሰት መማል እሳት ነው፣ በእውነት መማል ድፍረት ነው” ይሉ ነበር። አባቴ ይህንን ሲሰማ ያደገ ነው። ሲገበያይ እንኳ ሌላው ነጋዴ በየቃሉ ወላሂ ሲል እሱ ዝም ብሎ ጨርቁን ይዘረጋል።

ያን ቀን ግን ዝም ማለቱ አላስቻለኝም። “እጁ ላይ ነበረች” አልኩ። “ቸርኬው ሲመታ ኳሷ እጁ ላይ ነበረች። አይቻለሁ።”

ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ።

“ማሻአላህ! ሐምዲያ ጾሟን ፈታች!” አለ ሱሩር።

“የዳኛ ልጅ ለዳኛ መስክራ!” አለ ደምመላሽ። “ይሄንን ምስክርነት ቀበሌም አይመዘግበው።”

ሳቁ። እኔም ፊቴ ጋለ፣ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

በነሐሴ መጀመሪያ ጀላል ራሱ መጣ። ከደምመላሽ ፔጆ ወርዶ በረንዳው ላይ ቆመ። ሱሩር የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። ጀላል ፀጉሩን ተላጭቶ ነበር፤ ስለዚህ ሳይናገር ገባን። ስሙ ተጠርቷል፣ በሳምንቱ ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል።

“ለእናቴ ሻሽ ፈልጌ ነው” አለ።

አባቴ ሻሾቹን አወረደ። ጀላል አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፤ የሴት ነገር መምረጥ አያውቅም። በመጨረሻ ወደ እኔ አየ። አረንጓዴ አበባ ያለውን ነጭ ሻሽ በጣቴ ጠቆምኩት። “እሱ” አለ። አባቴ ራሱ አጥፎ ሰጠው።

ጀላል ሻሹን ብብቱ ሥር ቢይዝም አልሄደም። “ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩዎትን አፉ ይበሉኝ” አለ። እኛ አገር መንገደኛ እንዲህ ነው፤ ሳይመለስ ቢቀር የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይቀር ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ፣ አፉ ተባብሎ ይሄዳል።

“አፉ ብያለሁ፣ ልጄ። አንተም አፉ በለኝ።”

“እኔ እርስዎ ላይ ምንም የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እጄ ላይ ነበረች?”

“እጅህ ላይ ነበረች።”

ጀላል እጁን አገላብጦ አየ። “እኔ ቸርኬውን አልሰማሁም” አለ። “ልቤ ነበር የሚጮኸው። እርስዎ ሰምቻለሁ ካሉ ግን ሰምተዋል።”

አባቴ ባንኮውን ዞሮ ወጥቶ ትከሻውን አቀፈው። “አብሽር፣ ጀላል። አላህ በሰላም ይመልስህ።”

በረንዳው ላይ ደምመላሽና ሱሩር አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ጀላል ሲወጣ ሱሩር ግን ሳይቀልድ አላለፈውም። “ስትመለስ ኮምቦልቻን ትተህ ለእኛ ትጫወታለህ፤ ሱሪህን በነፃ ነው የምሰፋልህ።” ጀላል ሳቀ። “ያንተን ሱሪ ለብሼማ አንድ እግሬ እጅጌ ውስጥ ይገባል።” ወሬው ኮምቦልቻም ደርሶ ኖሯል። እየሳቀ ወረደ።

በመስከረም ከሻምፒዮኑ ከጦሳም ሁለት ልጆች ተወሰዱ። ዋንጫው ማንንም አላስቀረም። ይህንን ግን ማንም ቆም ብሎ አላሰበውም፤ ሰው ያመነውን ወሬ መልሶ አይመረምርም። እኔም ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ስመጣ በረንዳው ላይ ክርክር አልነበረም። ሱሩር ሰላም ብሎኝ ወደ ስፌቱ አጎነበሰ። የአባቴ ፊሽካ ሁልጊዜ ከሚሰቀልበት የሱቁ ሚስማር ላይ የለም። ማታ እናቴን መርየምን ጠየቅኳት። “ያ ልጅ ሞቷል” አለች። “ግንባር አብሮት የነበረ ቁስለኛ በሚያዝያ መጥቶ ለእናቱ ነገራቸው።” ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ሁሉ የሰማሁት ግድግዳው ላይ ተደግፌ ነው።

የቀረውን ደምመላሽ በማግሥቱ ጨመረልኝ። የመጣው አባቴ ለዙሁር መስጊድ መሄዱን አይቶ ነው።

“አባትሽ ለቅሶ ልድረስ ሲል እኔው ነኝ የወሰድኩት” አለ፣ ቆቡን እያሸ። “ዳሱ በር ላይ የልጁ አጎት በሺር ቆሞ ነበር። ‘ኳሷ እጁ ላይ ነበረች ብለህ ካልማልክ እዚህ አትገባም’ አለው። አባትሽ አልምልምም፣ እምላለሁም አላለም። ሰው ሁሉ እያየ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።”

“ለምን እንዲህ አሉ?”

“ኮምቦልቻ ጀላልን ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ? ፊሽካ የገደለው ልጅ።” ደምመላሽ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። “እኔ እኮ... የእኔ ጨዋታ ነበር፣ ሐምዲያ። ከሱሩር ጋር መቀለጃ። ተሳፋሪ ይሰማል፣ ወርዶ ያወራል። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላወቅሁም።”

አባቴ ከስቶ ነበር። ዳኝነቱን ትቷል፤ የኮምቦልቻ ደንበኞቹ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፉ ወደ ሌላ ወገን ያያሉ። እሱን የሚያመው ግን ይህ አይመስለኝም። አንድ ምሽት ከኢሻ ሶላት በኋላ “እናቱ ምን ታስብ ይሆን?” አለኝ። “አገር ያለውን ይበል። እሷ ብቻ ብታምነኝ።”

“ጀላል እኮ ሱቅ መጥቶ አምኖሃል። እሱን ለምን አትነግራቸውም?”

“የሞተ ሰው ምስክር አይጠራም፣ ልጄ። ለራሴ የሚጠቅመኝን ነገር አፉ ውስጥ ከተትኩበት ነው የሚባለው። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እንዲያ እላለሁ።”

በሐምሌ ከኮምቦልቻው ሼህ ሰይድ መልእክት መጣ። ሼሁ በሁለቱም ከተማ የተከበሩ አስታራቂ ናቸው። ነገሩ ወደ ቂም ሳይሄድ ይለቅ፣ አብዱልሐሚድ በቁርኣን ይማልና ሐቁ ይታወቅ አሉ። አባቴ አንድ ሌሊት አሰበ። ጠዋት ነጩን የዳኝነት ሸሚዙን ሳይሆን ረጅሙን የጁምዓ ልብሱን ለብሶ ወጣ። “እምላለሁ” አለ። “አባቴ ይቅር ይበለኝ። ለአገሩ አይደለም የምምለው፤ ለእሷ ነው።” እናቴ ጉልበቷን ታማ ስለነበር “አንቺ ነይ” አለኝ።

ደምመላሽ ፔጆውን ያለ ተሳፋሪ አመጣ። ሱሩርም የስፌት መኪናውን ቆልፎ ከኋላ ገባ። “ምን ትሠራለህ?” ቢለው ደምመላሽ፣ “በሜዳችሁ ብቻውን አላስገጥመውም” አለ። ማንም አልሳቀም። ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ደምመላሽ መብራት አብርቶ ቀስ ብሎ ወረደ። አባቴ ከፊት ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዱዓ ይሁን የሚምለውን ቃል እያጠና ይሁን አላወቅሁም።

የሼሁ ግቢ ውስጥ፣ ዋንዛው ሥር፣ ሰሌን ተነጥፏል። የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ተሰብስቧል። ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቦርከና ደጋፊዎች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ልክ እንደ ጨዋታ ቀን። እዚያም እየተከራከሩ ነበር።

“ማለ እንበል። የዳኛ ዓይን ይሳሳት የለ?”

“ከማለማ አለቀ፣ ጦሳ በልቷል።”

“አይምልም፤ ታየዋለህ። ባለፈው ዳሱ በር ላይ ቆሞ መች ማለ?”

በሺር ዞሮ ገሠጻቸው፣ ዝም አሉ።

እትዬ ዘይቱና፣ የጀላል እናት፣ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። እንደዚህ ትንሽ ሴት ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ራሳቸው ላይ አረንጓዴ አበባ ያለው ነጭ ሻሽ አስረዋል። አባቴ ገና ሲገባ ሻሹን አየው። በዚያ እርምጃው መካከል ትንሽ ቆም አለ፤ ሌላ ሰው አላስተዋለም። እኔ ከሴቶቹ ጋር እንድቀመጥ ቦታ ተለቀቀልኝ፤ እሳቸው አጠገብ ሆነ።

ሼህ ሰይድ ደንቡን ተናገሩ። “አብዱልሐሚድ የሚምለው ለዘይቱና ነው፤ የሞተው ልጇ ነውና ባለሐቋ እሷ ናት። እጁ ቁርኣኑ ላይ ካረፈና ከማለ፣ ከዛሬ ወዲያ ይህንን ነገር የሚያነሳ ሰው ባለጌ ነው። እጁ ሳያርፍ በፊት ደግሞ ባለሐቋ አፉ ብያለሁ ካለች፣ መሐላው ይቀራል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሰምታችኋል?”

“ሰምተናል” አለ ሰው።

አባቴ ውዱእ አድርጎ መጣ። ውኃው ከክርኑ ይንጠባጠባል። ሰሌኑ ላይ ተንበረከከ። ሼሁ ቁርኣኑን ከመጎናጸፊያው አውጥተው ፊቱ ዘረጉ። አባቴ በዕድሜው አንድም ጊዜ ያላደረገውን ሊያደርግ ቀኝ እጁን አነሳ። ጨርቅ ሲለካ የማይዛነፍ እጅ ነው። አሁን ይንቀጠቀጣል። ፊቱን ግን አየሁት፤ የፈራ ሰው ፊት አልነበረም። ረጅም መንገድ ሄዶ ቤቱ ደጃፍ የደረሰ ሰው ይመስል ነበር።

“ይቅር” አሉ እትዬ ዘይቱና።

ድምፃቸው ዝቅተኛ ስለነበር መጀመሪያ ያልሰማ ብዙ ነው። ተነሱ። “ይቅር፣ ሼህ። አያስምሉት። አፉ ብየዋለሁ።”

የአባቴ እጅ ከቁርኣኑ በላይ አየር ላይ ቀረ።

“ዘይቱና፣ በደንብ አስበሽዋል?” አሉ ሼሁ።

“አስቤዋለሁ። ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ልጄም አፉ ብሏል በሉት።”

ሰዉ ተነፈሰ። “አሚን!” የሚል ድምፅ ግቢውን ሞላው። አንዳንዱ አለቀሰ። ከአጥሩ ሥር የሚንሾካሾኩት ግን ተሰሙኝ። “አየህ? ጥፋቱን አውቃ ነው የማረችው።” “ኳሷማ ገብታ ነበር፤ አሁን ለየ።” “ምን ዓይነት እናት ናት፣ ያረቢ!”

አባቴ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። “ልማል” ሊል ይችል ነበር። “ያላጠፋሁትን አትማሩኝ” ሊል ይችል ነበር። ሼሁ ጎንበስ ብለው አዩት። “አብዱልሐሚድ፣ አፉ ብላሃለች። ተቀብለሃል?”

አባቴ ቀና ብሎ እትዬ ዘይቱናን አየ፤ ፊታቸውንም፣ ሻሹንም። እጁን ቀስ ብሎ መለሰና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

“ተቀብያለሁ” አለ። “አላህ ይቀበልሽ፣ እህቴ።”

ከዚያ በሺር መጥቶ አቀፈው። የዳሱን በር የዘጋበት ያ ሰው ራሱ እጁን ይዞ ወደ ቤት አስገባው። አባቴ ወራት ዘግይቶ ለቅሶውን ደረሰ። ለጀላል ዱዓ ሲደረግ መዳፉን ዘርግቶ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብሎ አሚን ይል ነበር።

እትዬ ዘይቱና ከእኔ አጠገብ ቁጭ አሉ። “ልጁ ነሽ አሉኝ” አሉ።

“አዎ።”

“ያን ቀን ከዳሱ በር ሲመልሱት ከውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣ ሽማግሌ! ተነስቼ ግባ ልለው ጉልበት አጣሁ። ይኸው ሦስት ወር እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዛሬ እንኳ ልነሳ ብዬ ነው። ያጠፋም እንደሆን ባያጠፋም፣ ከእንግዲህ የሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ማየት አልችልም።” የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው አሹ። “ይሄንን ሊሄድ ሲል ያመጣልኝ እሱ ነው። ከየት እንዳመጣው እንኳ አልጠየቅሁትም። እንዲህ ዓይነት ነገር መምረጥ ያውቃል ብዬም አላስብ።”

አፌን ከፈትኩ። ከእኛ ሱቅ ነው፣ እኔ ነኝ የመረጥኩለት፣ እርስዎ ሰምቻለሁ ካሉ ሰምተዋል ብሎታል፤ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ግን አንዱን ካወጣሁ ሌላውም ይከተላል፣ ይሄው አሁን የሰጡትን ነገር ከእጃቸው እነጥቃቸዋለሁ።

“ያምርብዎታል” አልኩ።

ሲመሽ ተመለስን። ደምመላሽ ሸክም እንደወረደለት ሰው ያወራል። “አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ! አለቀ እኮ። ነገ ሱቅዎ በኮምቦልቻ ሰው ነው የሚሞላው።” ደምመላሽ ክርስቲያን ነው፣ አልሐምዱሊላህ የሚለው ደስ ሲለው ብቻ ነው። ሱሩር ከኋላ ከእኔ ጎን ሆኖ መስኮቱን ያያል። ቆይቶ ቆይቶ፣ “እንግዲህ ዋንጫው የእናንተ ነበር ማለት ነው” አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለደምመላሽ ተሸነፈለት። ደምመላሽ በድል አልጮኸም። “ተወው፣ ሱሩሬ” አለ ብቻ። አባቴ ሁለቱንም ሰምቷል። ሐረጎ አናት ላይ ጉሙ ተከፍቶ የደሴ መብራት እስኪታይ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ነበር።

ቤት ገብተን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኩት። “ለምን ልማል አላልካቸውም?”

ጫማውን እየፈታ ነበር። “ምን ቀርቷት ነው ሌላ የምትሰጠው?” አለ። “ያለቻት ያቺው ይቅርታ ነበረች። ሰጠችኝ። መልሼ እጇ ላይ ልወርውርላት?”

“ግን አላመኑህም።”

“አላመነችኝም” አለ። ሁለተኛውን ጫማ ሳይፈታ ብዙ ቆየ።

ደምመላሽ እንዳለው የኮምቦልቻ ደንበኞች ተመለሱ። አባቴን ከድሮው በላይ በአክብሮት ሰላም ይሉታል፤ ይቅር ለተባለ ሰው እንደሚገባው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በረንዳው ላይ ሱሩር ይሰፋል፣ ደምመላሽ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ነዳጅ ያወራሉ። ስለዚያች ኳስ አያነሱም፤ ተፈርዶባታል።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንዲት ሴት ጨርቅ ልትገዛ መጣች። አገላበጠችው፣ በብርሃን አየችው፣ ጎተተችው። “ውኃ ሲነካው ቀለሙ አይለቅም?” አለች።

“አይለቅም” አለ አባቴ።

“እስቲ ወላሂ ይበሉ።”

ሱሩር መኪናውን መርገጥ አቆመ። አባቴ ሴትዮዋን በትሕትና አየ። ከዚያ ጨርቁን ጫፉን ከጫፉ ገጥሞ፣ እጥፉን በመዳፉ አስተካክሎ፣ ወደ መደርደሪያው መለሰው።